ሳተላይቱን የገደለው ፕላዝማ ነው ወይስ ሰበብ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ይህን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው የመጣው በጥያቄ ሳይሆን በክስ ነው። ሳተላይት በተበላሸ ቁጥር ባለቤቶቹ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ ይቀስራሉ አለ። እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ስለሌለ ምቹ ሰበብ ሆኖላቸዋል ባይ ነው። ምክንያቱንም ደረደረ። ሕዋ ባዶ ነው። ባዶ ቦታ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሳተላይቱ ከምንም ጋር አልተነካካም። ታዲያ ብልጭታው ከየት መጣ? በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ ምንም ፍንዳታ ባልታየበት ቀን ሳይቀር ፀሐይ ትወቀሳለች ሲል ጨመረበት።

ልጥፉ አጭር ናት። የምላሹ ብዛት ግን ጉድ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፍሬ ያለውን እያቆየሁ፣ ጭቅጭቁንም ሙሉ በሙሉ ሳልዘል ላውራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 ሰላምታ አስቀድሞ ገባ። ቅሬታው እንደሚገባው ገልጾ አንድ ነገር ብቻ አረመ። ሕዋ ባዶ አይደለም አለ። ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ እንደ ሰዓቱና እንደ ፀሐይ ሁኔታ ከ10 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ነጻ ኤሌክትሮኖች አሉ። ኤሌክትሮን የተነጠቁት አተሞችም አዮን ሆነው እዚያው ይንሳፈፋሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ የሚፈጠረው ፕላዝማ ይሄ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲተያይ እጅግ ስስ ነው። ኤሌክትሪክ ግን ያስተላልፋል። ሳተላይቱ ከምንም ጋር አልተነካካም የሚለው ነገር እዚህ ላይ ፈረሰ።

ምላሽ 2 ጥሩ ጥያቄ ይዞ መጣ። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ከሆነ ሳተላይቱ ላይ የሚያርፈውም እኩል መሆን አለበት፤ ታዲያ ለምን ቻርጅ ያደርጋል?

ምላሽ 3 መልሱ ፍጥነት ነው አለ። በዚያ ከፍታ ኤሌክትሮኖቹ በሴኮንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራወጣሉ። ሳተላይቱ በሴኮንድ ከ7.5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። አዮኖቹ በአብዛኛው የኦክስጅን ስለሆኑ ከባድ ናቸው፤ ፍጥነታቸው 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ሳተላይቱ አዮኖቹን በግንባሩ እየገጨ ያልፋል፤ እነሱ ግን ከኋላ ሊደርሱበት አይችሉም። ከጀርባው አዮን የሌለበት ስፍራ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ኤሌክትሮኖች ግን ከፊትም ከኋላም ከጎንም ይደርሱበታል። ኔጌቲቭ እየሆነ ይሄድና የሚመጡትን ኤሌክትሮኖች መግፋት ሲጀምር ሚዛኑ ይጠበቃል። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ይህ የሚሆነው ጥቂት ቮልት ላይ ነው። ምላሽ 3 ነገሩን እዚህ ላይ ዘጋው። ባይዘጋው ጥሩ ነበር።

ምክንያቱም ምላሽ 4 ራሱ ክሩን የከፈተው ሰው ነው፤ ዘራፍ ብሎ ተመለሰ። ጥቂት ቮልት ማለት የእጅ ባትሪ ነው፣ ይሄ ነው እንግዲህ በሚሊዮን ዶላር የተሠራ ዕቃ የሚያቃጥለው ብሎ አላገጠ። እውነት ለመናገር በተሰጠው መረጃ ልክ ትክክል ነበር።

ምላሽ 5 የአንድ አንጋፋ መሐንዲስ ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በሳተላይት የኃይል ሲስተም ላይ ነው። ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። ማንንም አልገሠጹም። ምህዋሩን ቀይሩና እንደገና አስሉት ብቻ አሉ። የቴሌቪዥንና የመገናኛ ሳተላይቶች ያሉት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ፕላዝማው በጣም ስስ ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ኤሌክትሮን ቢገኝ ነው። ግን እሳት ነው። መግነጢሳዊ ንዑስ ማዕበል፣ ማለትም አጭር ግን ድንገተኛ የምድር መግነጢሳዊ መስክ መናወጥ፣ ሲነሳ፣ ከምድር የሌሊት ወገን የሚወረወሩት ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልትና ከዚያም በላይ ጉልበት ይዘው ይመጣሉ። ያን የሚመልስ ኔጌቲቭ ቮልቴጅም በሺዎች የሚቆጠር መሆን አለበት።

ቀጠሉ። የፀሐይ ብርሃን ሳተላይቱን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ከላዩ ስለሚያባርር፣ በብርሃን ውስጥ እስካለ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይቻላል። ችግሩ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ነው። በዚህ ምህዋር ላይ በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን፣ ጥላው በየዕለቱ እስከ 72 ደቂቃ ይቆያል። በ1969 የተመጠቀው ኤቲኤስ 5 የተባለ ሳተላይት ጥላ ውስጥ እያለ ራሱን ሲለካ ኔጌቲቭ 10 ሺህ ቮልት ገደማ ተገኘበት። ይህ በ1972 ታትሞ ሲወጣ ብዙ መሐንዲስ ደነገጠ። ጉዳዩን ብቻ ለማጥናት ስካታ የተባለ ሳተላይት በጥር 1979 ተላከ። ጋሼ ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ፣ ጠያቂው የእጅ ባትሪ ያለው ስለ ዝቅተኛው ምህዋር ከሆነ ብዙም አልተሳሳተም ብለው አለሰለሱለት። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው።

ምላሽ 6 በዚሁ ላይ ተንተርሶ፣ አብዛኛው ሰው የሚስተውን ነገር አነሳ። ሳተላይቱ በሙሉ እኩል ኔጌቲቭ 10 ሺህ ቮልት ላይ ቢቀመጥ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር አይታወቀውም። ጉዳቱ የሚመጣው ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ ነው። ብርሃን የሚያገኘው ጎንና ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ይለያያሉ። ብረቱ ቻርጁን ያካፍላል፤ የፀሐይ ሴሎቹ መስታወት፣ ቀለሙና ካፕቶን የሚባለው ወርቃማ ፕላስቲክ ግን የያዙትን ይዘው ይቀራሉ። በደረቅ ቀን ጨለማ ውስጥ ሹራብ ሲወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለው ዓይነት ብልጭታ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው። ብልጭታው የሚቆየው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ላነሰ ጊዜ ቢሆንም ሽቦዎች ውስጥ የውሸት ምልክት ያስገባል። ኮምፒውተሩ ያን ትእዛዝ መጣ ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ሳተላይቱ ሳይቃጠል ይቃዣል ማለት ነው።

ምላሽ 7 ላይ ድምፁ ከረረ። ማን አየው? የሚል ነው ባጭሩ። ሁሉም ስሌት ነው፣ ሁሉም ግምት ነው፣ አንድ የተቃጠለ ዕቃ በእጁ ይዞ ያሳየን ሰው የለም አለ። የክሩ ከፋች ወዲያው አጨበጨበለት።

መልሱ የመጣው ከምላሽ 8 ነው፤ ለእኔ የክሩ ጌጥ እሷ ናት። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የፀሐይ ፓኔል ስትፈትሽ የኖረች ሴት ነች። አየር በተመጠጠበት የብረት ክፍል ውስጥ ሁለት ረድፍ የፀሐይ ሴል ያስቀምጣሉ። በረድፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አንዱ ረድፍ ከሌላው በ100 ቮልት ገደማ እንዲበልጥ ይደረጋል፤ ልክ በሕዋ ላይ እንደሚሆነው። ከዚያ ኤሌክትሮን ይለቀቅበታል። መብራት አጥፍተው በመስኮት ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የሚታየው መስታወቱና ብረቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ነጭ ሰማያዊ ነጥብ ናት። እሷ ብቻዋን ብዙ ጉዳት የላትም። አንዳንዴ ግን አትጠፋም። ከብልጭታው የወጣው ጋዝ በሁለቱ ረድፎች መካከል መንገድ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ቅስቱን፣ ማለትም ሳይጠፋ የሚነደውን ብልጭታ፣ የሚመግበው ከሕዋ የመጣው ቻርጅ ሳይሆን የፓኔሉ የራሱ ጉልበት ነው። ከሥር ያለው ካፕቶን ይከስልና ካርቦን ይሆናል። ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክፍሉን ከፍተው ሲያወጡት ክፍተቱ ላይ ጥቁር ጠባሳ ነው የሚያገኙት፤ በሜትር ሲለካ ሁለቱ ረድፎች ለዘለዓለም ሾርት ሆነዋል።

ይህን የፈለሰፉት ለመጫወት እንዳልሆነም ነገረችን። በ1997 ቴምፖ 2 የተባለው ሳተላይት የፓኔሉን ረድፎች እየከሰረ ሲሄድ መንስኤው የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የፓኔሉን ናሙና በቤተ ሙከራ ውስጥ አስቀመጡት፤ ያው ጉዳት ተደገመ። መፍትሔውም ከዚያ ወጣ። የሴሎቹን ክፍተት በሲሊኮን መድፈን፣ ብዙ ቮልት የሚለያዩ ረድፎችን ጎን ለጎን አለማስቀመጥ፣ አንድ ረድፍ የሌላውን ቅስት እንዳይመግብ በዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ማገድ። ማን አየው ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ምላሽ 7 የጻፈው ሰውም ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ምላሽ 9 እና 10 ምስጋናና ቀልድ ናቸው። እንለፋቸው።

ምላሽ 11 ነገር አበላሸ። በየካቲት 2022 የስታርሊንክ ሳተላይቶች የረገፉት በዚሁ በፕላዝማ ቻርጅ ነው ብሎ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ምላሽ 12 ሳይምር መጣበት። የማያውቁትን ከመጻፍ ዝም ማለትም ያስከብራል በሚል ዓይነት ጀምሮ ትክክለኛውን ነገረው። የተላኩት 49 ነበሩ፤ 38ቱ ጠፉ። መግነጢሳዊ ማዕበሉ የላይኛውን አየር አሞቀው፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ተነፋ። ሳተላይቶቹ ገና 210 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለነበሩ የአየሩ መጎተት አየለባቸው፤ ወደ ታች ተስበው ተቃጠሉ። የጎተታቸው ተራ አየር ነው፤ ብልጭታ የለበትም። ምላሽ 13 ስድቡ አስፈላጊ አልነበረም አለ። ምላሽ 14 ደግሞ ምላሽ 13 ራሱ ባለፈው ሌላ ክር ላይ ሲሳደብ እንደነበር አስታወሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ሄደ። የሚያሳዝነው፣ የስታርሊንኩ እርማት በጭቅጭቁ መሃል ተውጦ መቅረቱ ነው። ማዕበል ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት አያመጣም። ማህደረ ትውስታ ውስጥ አንዲት ቢት የምትገለብጠው ከሩቅ የመጣች አንዲት ፈጣን ቅንጣት ሌላ ነገር ናት፤ የአየር መጎተት ሌላ ነው፤ ቻርጅ ሌላ ነው። ዜና ላይ ሦስቱም በአንድ ከረጢት ይከተታሉ።

ምላሽ 15 ላይ የክሩ ከፋች ረጋ ብሎ ተመለሰ። እሺ፣ ብልጭታው አለ እንበል፤ ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ቀን የሚሞቱትስ? ብሎ ጠየቀ። ክስ ነው ብሎ የመጣው ሰው መጠየቅ ጀመረ።

ጋሼ ናቸው የመለሱለት፤ ምላሽ 16። ጥር 20 ቀን 1994 አኒክ ኢ1 እና አኒክ ኢ2 የተባሉ ሁለት የካናዳ ሳተላይቶች በጥቂት ሰዓት ልዩነት ሚዛናቸውን ሳቱ። አቅጣጫቸውን የሚጠብቀው ተሽከርካሪ ጎማ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ነበር። ኢ1 በሰዓታት ውስጥ በተጠባባቂው መቆጣጠሪያ ተመለሰ። የኢ2 ግን ተጠባባቂውም ሞቶ ነበር። ከምድር ሆነው በትንንሽ ሞተሮቹ ሚዛኑን የሚጠብቁበት ዘዴ እስኪፈጥሩ ወራት ፈጀ። በዚያ ሰሞን ትልቅ የፀሐይ ፍንዳታ አልነበረም። የነበረው ፈጣን የፀሐይ ንፋስ ነው። እሱ የምድርን የጨረር ቀበቶ ለቀናት እያነቃቃ በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚለኩ ኤሌክትሮኖችን ይሞላዋል።

እነዚህ ላይ ላዩን የሚያርፉ አይደሉም። የሳተላይቱን ቆዳ ሰንጥቀው ይገባሉ፤ የሰርኪዩት ሰሌዳው ፕላስቲክና የኬብሉ ሽፋን ውስጥ ይቀበራሉ። ፕላስቲኩ ቀስ ብሎ ካላፈሰሳቸው ይጠራቀማሉ። አንድ ቀን ከቺፑ አጠገብ ይፈነዳሉ። መዘዙ በቀናት ስለሚዘገይ፣ የሞተበትን ቀን የፀሐይ ሁኔታ ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። ጋሼ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። መከላከያው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልሙኒየም፣ ቻርጅ የሚያፈስ ፕላስቲክ፣ ግራውንድ ያልተደረገ፣ ማለትም ከሳተላይቱ አካል ጋር በኤሌክትሪክ ያልተያያዘ፣ ብረት አለመተው። ይህ ሁሉ ግን ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ ገንዘብ ነው።

ምላሽ 17 ስለ ጋላክሲ 15 አወራ። ሚያዝያ 5 ቀን 2010 በምህዋሩ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ኃይለኛ ንዑስ ማዕበል እየመታ ባለበት ሰዓት፣ ከምድር የሚላክለትን ትእዛዝ መስማት አቆመ። ማሰራጫው ግን አልጠፋም። ከቦታው እየተንሸራተተ፣ በጎረቤት ሳተላይቶች ድግግሞሽ ላይ የመጮህ ስጋት እያሳደረ ወራት ዞረ። ዞምቢ ሳተላይት የሚል ስም ወጣለት። በታኅሣሥ ባትሪው ተሟጦ ሲያልቅ ራሱን በራሱ አስነሳና ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። ከበስተ ጀርባው ቻርጅ እንዳለ ብዙዎች ይጠረጥራሉ። ምላሽ 17 ግን ተረጋግጧል ብሎ ጻፈ።

ምላሽ 18 በዚያ ቃል ላይ ያዘው። እዚህ ላይ ነው የክሩ ከፋች ጥቂት እውነት እንደነበረው የታየው። ምላሽ 18ን የጻፈው ሰው ትዕቢት አለበት፤ ነጥቡ ግን ጠንካራ ነው። ሰዓት መገጣጠም ጥርጣሬን ያጠነክራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም አለ። ሚዶሪ 2 የተባለውን የጃፓን ሳተላይት ምሳሌ አደረገ። ወደ 800 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዋልታዎቹ አናት የሚያልፍ ነበር። በጥቅምት 2003 መጨረሻ ኃይሉ ከ6 ኪሎ ዋት ወደ 1 ኪሎ ዋት ወረደና ጠፋ። ብዙ ሰው የዚያ ወር ዝነኛው የፀሐይ ማዕበል ገደለው ይላል። ሳተላይቱ ግን የሞተው ዋናው ማዕበል ከመድረሱ ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ዋናው ጥርጣሬ ያረፈው ከፀሐይ ፓኔሉ ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎችን በጠቀለለው ሙቀት መከላከያ ልባስ ላይ ነው። ልባሱ ግራውንድ አልተደረገም ነበር። የዋልታ ብርሃን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች ቻርጅ አደረጉት፤ ከተሰነጠቁ ሽቦዎች ጋር ቅስት ፈጠረ ተብሎ ነው የሚታመነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? የዋልታ ኤሌክትሮን በየቀኑ አለ። ምላሽ 18 አምራቾች ዲዛይናችሁ ተሳስቷል ከሚባሉ ፀሐይ ብትወቀስ ይመርጣሉ አለ። እኔም ከዚህ አልርቅም። ፕላዝማው እውነት ነው፤ ሰበብ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ዝናብ እንደሚዘንብ እያወቀ ክፍት ሽቦ የሚተው መሐንዲስ ዝናቡን መክሰስ የለበትም።

ምላሽ 19 ወደ ሰው ወሰደው። ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የፀሐይ ፓኔሎቹ 160 ቮልት ያመነጫሉ። የጣቢያው አካል ከፓኔሎቹ ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር ስለተያያዘ፣ ፖዘቲቩ ጫፍ ኤሌክትሮን ሲሰበስብ አካሉ እስከ ኔጌቲቭ 140 ቮልት ሊወርድ ይችላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልሙኒየሙን የሸፈነው የአኖዳይዝ ልባስ (ሆን ተብሎ የሚሠራ የኦክሳይድ ሽፋን) ስስ ነው፤ ያን ያህል አይችልም። ውጭ ወጥቶ የሚሠራ ጠፈርተኛም ብልጭታው መንገድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አስጊ የተባለው መጠን ኔጌቲቭ 40 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ዜኖን ጋዝ ወደ ፕላዝማ ቀይረው የሚረጩ ሁለት መሣሪያዎች ተገጠሙ። ትርፉ ኤሌክትሮን በእነሱ በኩል ይፈስሳል። በኋላ በመሣሪያ ሲለካ ቮልቴጁ ከተፈራው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ማስፈራራት ለምን አስፈለገ የሚል አንድ ሰው ተነስቶ ነበር፤ ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 20 የ1996ቱን ገመድ አስታወሰ። ከመንኮራኩር ኮሎምቢያ ላይ ሳተላይት በሽቦ ታስሮ ወደ ላይ ተለቀቀ። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እየቆረጠ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ያመነጫል ተብሎ ነው፤ አመነጨም። 19.7 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 3,500 ቮልት ገደማ ነበር። ከዚያ በመከላከያ ሽፋኑ ላይ በነበረ ጉድለት በኩል ቅስት ወጣና ገመዱን አቃጥሎ በጠሰው። ሳተላይቱ በረረ። ሂሳቡን በቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ በአንድ ሜትር 0.18 ቮልት ገደማ ይመጣል።

ምላሽ 21 ወደ ምድር ሲመለሱ ሬዲዮ ለምን እንደሚቋረጥ ጠየቀ። ያም ፕላዝማ ነው፤ ግን መንኮራኩሩ አየሩን ሲጨምቀውና ሲያግለው ራሱ የሚሠራው ነው። ምላሽ 22 ክሩ ስለ ምህዋር እንደሆነ አስታወሰው። ትንሽ ተነቋቆሩ።

ምላሽ 23 የአንድ ተማሪ ነው፤ ክሩን ያተረፈውም እሱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በእጅ የሚያዝ ኩብ ሳተላይት እየሠሩ ነው። ምህዋሩ 500 ኪሎ ሜትር ላይ በዋልታዎቹ በኩል ያልፋል። ባትሪያቸው ትንሽ፣ ፓኔላቸው ጥቂት ቮልት። ይህ ሁሉ ወሬ እኛን ይመለከተናል ወይ? አለ።

የቤተ ሙከራዋ ሴት ናት የመለሰችው። በ160 ቮልት ጣጣ ውስጥ እንደሌሉ አረጋገጠችለት። በዋልታ አካባቢ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ፕላዝማው በሚሳሳበት ሰዓት ግን በመቶዎች የሚቆጠር ኔጌቲቭ ቮልት በሌሎች ሳተላይቶች ላይ ተለክቷል፤ ስለዚህ ክፍሎቹ እኩል እንዲሆኑ ያድርጉ አለች። ከዚያ ተራ መልቲሜትር ያንሣ ብላ አዘዘችው። አንዱን ጫፍ ከአንዱ የጎን ሰሌዳ ላይ፣ ሌላውን ከተቃራኒው ሰሌዳ ላይ ያሳርፍ።

ምላሽ 25 ተማሪው ነው። ለካው፤ ሜትሩ ክፍት ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አያልፍም፣ አለው። ብረት ከብረት ጋር በብሎን ታስሮ እንዴት ክፍት ይሆናል ብሎ ግራ ገባው። እሷም አኖዳይዝ የተደረገ አልሙኒየም መሆኑን ጠየቀችው፤ ነው አለ። ልባሱ ኦክሳይድ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከማስወንጨፊያው ሳጥን ጋር የሚፋተጉትን ሐዲዶች አይንካ፤ እነሱ እንዳይጣበቁ ልባሱ ያስፈልጋቸዋል። ሰሌዳዎቹ የሚገናኙበትንና ብሎኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ ግን ይፋቀውና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የክሮሜት ልባስ ያድርግበት። ከዚያ እንደገና ይለካ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት።

ተማሪው አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ማገናኛው ላይ ሥራ የሌላቸው ፒኖች አሉ፤ እንዲሁ ይተዋቸው? አይተዋቸው፤ የትም ያልታሰረ ብረት ቻርጅ ያጠራቅማል። በትልቅ ሬዚስተር፣ ለምሳሌ በ1 ሜጋኦም፣ ከአካሉ ጋር ያያይዛቸው፤ ቻርጁ ይፈስሳል፣ ድንገት ሌላ ሽቦ ቢነካቸውም ሾርት አይሆንም።